በአመዳይ ሰሌዳ ለመንሸራተት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መሰናዳት፤ ከዴንቨር ከተማ እስከ ላቭላንድ ተራራ

በሰሜን አሜሪካ በኮሎራዶ ክፍለ አገር የምትገኘው የዴንቨር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ከፍ ባለ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት። በስተ ምዕራብዋ ሮኪ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት እንደ ግንብ ተገትሮ ይታያል፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያም ድረስ ራሱ ነጭ ነው። በዚህችና በጎረቤትዋ በአውሮራ ከተማ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ቤት ንብረት ይዘው ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል ይህን ነጭ ተራራ ጧት ጧት በመስኮት እያዩት ብዙ ዓመት ኖረው አንድ ቀን እንኳ ያልወጡበት አሉ። ልጆቻቸው ግን የትምህርት ቤት ባልንጀሮቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉና፥ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ማለታቸው አይቀርም። በጥር ወር በእንግድነት በተቀመጥንበት በአንድ ቤት ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እኛም ከመሰናዶው አንሥቶ እስከ ተራራው ድረስ አብረን ስለ ነበርን፥ ያየነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንናገራለን። በአገራችን በክረምት ከዝናብ ጋራ እንደ ጠጠር የሚወርደውን በረዶ እንለዋለን፤ ከከፍተኛ ተራራ ራስ ላይ አልፎ አልፎ እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ የሚታየውን ግን አባቶቻችን አመዳይ ብለው ለይተውታል። በዛሬ ጊዜ ሁለቱን አደባልቆ በረዶ ማለት ተለምዷል፤ ነገር ግን በተራራ ለሚንሸራተት ሰው ልዩነቱ እጅግ የጠና ነው። አዲስ የወረደ አመዳይ የወደቀበትን ሰው እንደ ፍራሽ ይቀበለዋል፤ ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋው በረዶ ግን እንደ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ፈረንጆች ስኖውቦርድ የሚሉትን ነገር እኛ በዚህ ጽሑፍ የአመዳይ ሰሌዳ እያልን እንጠራዋለን።

ይህ ሰሌዳ ከስኪ የተለየ ነው። ስኪ በየእግሩ አንድ አንድ የሚታሠር ሁለት ቀጭን ጣውላ ሲሆን፥ ይህ ግን ሰው ሁለቱንም እግሩን በአንድ ሰሌዳ ላይ አሥሮ፥ ጎኑን ወደ ቍልቍለቱ ሰጥቶ የሚወርድበት ነው። አመጣጡም ከቤተ ሰብ ጉዳይ የተነሣ ነው። በ1965 ዓመት በፈረንጆች የልደት በዓል ቀን (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሚሺጋን አገር በመስኪጎን ከተማ ይኖር የነበረ ሸርማን ፖፐን የሚባል መሐንዲስ፥ ሴቶች ልጆቹ ከቤት ወጥተው የሚጫወቱበት ነገር ቢፈልግ፥ ሁለት ስኪ ጎን ለጎን አጣምሮ ሰጣቸው። ሚስቱም ለአዲሱ መጫወቻ ስነርፈር የሚል ስም አወጣችለት። ከዚያ ወዲህ በ1977 ጄክ በርተን ካርፔንተር የሚባል ወጣት በቨርሞንት አገር ሰሌዳ የሚሠራበትን ቤት ከፈተ። በዚያን ጊዜ የስኪ ተራራ ባለቤቶች አብዛኞቹ የሰሌዳ ተንሸራታቾችን እንደ ዱርዬ ቈጥረው አያስገቡም ነበር፤ በዚያው በቨርሞንት የሚገኘው የስትራተን ተራራ በ1983 በሩን ከከፈቱላቸው ከመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ተራሮች አንዱ ነው። በ1998 ግን በጃፓን አገር በናጋኖ በተደረገው ኦሊምፒክ ሰሌዳው ከጨዋታዎቹ ጋራ ተቈጠረ። ዛሬም ቢሆን በዩታ የሚገኙት አልታና ዲር ቫሊ፥ በቨርሞንትም የሚገኘው ማድ ሪቨር ግሌን ሰሌዳን አይቀበሉምና፥ ወደ እነዚያ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

እኛ በተቀመጥንበት ቤት ያለችው እመቤት በሐኪም ቤት በአስታማሚነት የምትሠራ ናት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅዋ፥ «እማዬ፥ ጓደኞቼ ሁሉ ይሄዳሉ» እያለች ስትነዘንዛት ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ኖራለች። ምክንያቱም በብርድ ወራት ቅዳሜና እሑድ ማታ፥ አንዱን ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው ፊታቸው ገርጥቶ የሚገቡትን ጎረምሶች የምትቀበል እርስዋ ናት። ይህ የእናት ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በአመዳይ ሰሌዳ ጀማሪዎች ላይ አዘውትሮ ከሚደርሰው ጉዳት ዋናው የእጅ አንጓ ስብራት መሆኑ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ሰው ሲወድቅ ሁለት እጁን ዘርግቶ መሬቱን መቀበል ተፈጥሮው ስለ ሆነ፥ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በአንጓው ላይ ያርፋል። በስኪ የሚወርድ ሰው አንዱን እግሩን አንሥቶ ራሱን ሊያድን ይችል ይሆናል፤ በሰሌዳ ላይ ግን ሁለቱም እግሮች የታሠሩ ስለ ሆኑ መውደቁ ድንገተኛ ነው።

ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡት አያት ነገሩን ሲሰሙ፥ «ፈረስ እንኳ ልጓም አለው፤ ሁለት እግሯን አሥራችሁ ከተራራ ልትለቋት ነው?» አሉ። አባትየውም፥ «እማማ፥ ኢትዮጵያዊ በስኪ ተወዳድሮ የለም ወይ?» ብሎ ስለ ሮቤል ተክለ ማርያም ነገራቸው። ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ሲሆን፥ በ2006 በኢጣልያ በቱሪን፥ በ2010ም በካናዳ በቫንኩቨር በተደረጉት የብርድ ወራት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ የተወዳደረ፥ በዚያም ኦሊምፒክ ለአገራችን የመጀመሪያው ሰው ነው። አያት ይህን በጥሞና ሰምተው፥ «የእርሱስ እግሮቹ ለየብቻ ነበሩ» አሉ። ለዚህም መልስ የሰጠ አልነበረም።

በመጨረሻ እናትየዋ፥ «ልጄ፥ መሄዱን አልከለክልሽም፤ ነገር ግን ከመሄድሽ በፊት መውደቅ ትማሪያለሽ» ብላ ሁለት ሳምንት ቈረጠችላት። እኛ ከዚህ ፍርድ የተሻለ መሰናዶ አላየንም፤ ብዙ ሰዎች ግን በዚህ ፈንታ የካፖርቱን ቀለም በመምረጥ ይደክማሉ።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። ማታ ማታ ከራት በፊት በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ልጅቱና «እኔም እሄዳለሁ» ብሎ የገባው የአሥር ዓመት ወንድምዋ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ይቆማሉ። እናትየዋ «ወደ ፊት» ስትል እጃቸውን ጨብጠው በመጀመሪያ በጉልበታቸው፥ ቀጥሎም ከክርን እስከ ጭብጥ ባለው ክንዳቸው ይወርዳሉ። «ወደ ኋላ» ስትል ደግሞ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ስበው፥ ቍጢጥ ብለው በመቀመጫቸው ካረፉ በኋላ በጀርባቸው ይንከባለላሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ መስደድ ክልክል ነው። እጅ የሚጨበጥበት ምክንያት ጣቶች እንዳይቈለመሙና መዳፍ ተዘርግቶ መሬቱን እንዳይቀበል ነው። በመጀመሪያው ማታ ልጅቱ በወደቀች ቍጥር መዳፍዋ ይዘረጋ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን እናትየዋ ሳታስጠነቅቅ ከኋላ ገፋ ስታደርጋት እንኳ ጭብጥዋ በራሱ ይጨበጥ ጀመር። አያትም ከመቀመጫቸው ሆነው፥ «ይህማ ስግደት ነው፤ እኔም እችለዋለሁ» ብለው አሳቁን። በእውነትም መስገድ የለመደ ሰው ጉልበቱና ወገቡ ለዚህ ጨዋታ ሳይሰናዳ አይቀርም፤ ጀማሪ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመሬት መነሣት አለበትና። ከዚህም ሌላ ጀርባን ወደ ግድግዳ አስደግፎ፥ ወንበር በሌለበት ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ሆኖ መቆየት ለጭን ታላቅ ማጠንከሪያ ነው። አባትየው ይህን ከልጆቹ ጋራ ሲሞክር ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ።

በሰሌዳ ላይ የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን ማወቅም ያስፈልጋል። ካልሲ ብቻ አድርጎ በለሰለሰ ወለል ላይ ሮጥ ብሎ መንሸራተት ነው፤ ሰው ሳያስብ ያስቀደመው እግር አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ ነው። ግራውን የሚያስቀድም ሬጉላር፥ ቀኙን የሚያስቀድም ጉፊ ይባላል። ልጅቱ ግራ፥ ወንድምዋ ቀኝ ሆኑ፤ በዚህም ማን ይበልጣል ብለው ተከራከሩ፤ ግን መበላለጥ የለበትም።

ስለ ልብስ ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል፤ ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ብርድን አውቃለሁ ይላልና። በደብረ ብርሃን የኅዳርን ውርጭ የቀመሰ ሰው ብርድን አያውቅም አንልም። ነገር ግን በዚያ ብርድ ሲመጣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ይቀመጣል፤ በዚህ ግን በአመዳይ ውስጥ ይንከባለላል፥ ያልበዋል፥ ከዚያም በተንጠልጣይ ወንበር ላይ ነፋስ እየመታው ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ጥጥ ደግሞ ላብን ከጠጣ በኋላ ቶሎ አይደርቅም፤ የረጠበ ጥጥም የሰውነትን ሙቀት እየሳበ ያወጣል። ስለዚህ ለሰውነት ከሚቀርበው ልብስ ጀምሮ ጥጥ የሆነ ሁሉ፥ የሠራተኛ ሱሪ የሚባለው ጂንስም ጭምር፥ በዚህ ቀን በቤት ይቀራል። በምትኩ ከውስጥ ቀጭን የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ልብስ፥ ከመካከል ወፍራም የሱፍ ሹራብ፥ ከላይ ውሃና ነፋስ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ ይለበሳል። የመንዝ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቅ ነበር፤ ከበግ ጠጉር የተሠራው በርኖስና ባና ቢረጥብ እንኳ ሙቀቱን ፈጽሞ አይለቅምና። አያት ግን ለልጅቱ ጋቢ ካልለበሰች አሉ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ጋቢው በኦቶሞቢሉ ውስጥ ሆኖ ተንሸራትታ ስትመለስ እንድትለብሰው ተስማሙ። ይህም መልካም አሳብ ሆኖ ተገኘ።

ካልሲ አንድ ብቻ፥ እስከ ጉልበት የሚደርስ፥ የሱፍ ይሁን። ሁለት ካልሲ የሚደርብ ሰው ጫማው ደሙን አጥብቆ ይይዝበትና እግሩ ይበልጡን ይቀዘቅዛል። ጣት ለጣት ከተለየ ጓንት ይልቅ አራቱን ጣቶች በአንድነት የሚይዘው ይሞቃል። የራስ ቍርና በጓንት ውስጥ ወይም ከላይ የሚታሠር የአንጓ መከላከያ ለእናትየዋ ድርድር የሌለባቸው ነገሮች ነበሩ፤ አባትየው የራስ ቍሩን «ለልጆቹ ብቻ» ቢል፥ «የአንተ ራስ ከምን ተሠርቷል?» አለችው። መነጽርም የግድ ነው። አዲስ አመዳይ ከፀሐይ የሚመጣውን የማይታይ የሚያቃጥል ጨረር ከመቶው እስከ ሰማንያ እጅ ድረስ መልሶ ወደ ላይ ስለሚልከው፥ ዓይን ከላይም ከታችም ይመታል። ጕዳቱ ወዲያው አይታወቅም፤ ከሰዓታት በኋላ ማታ ዓይን አሸዋ እንደ ገባበት ሆኖ ይቈረቍራል። «እኛ ጥቁሮች ፀሐይ አያቃጥለንም» የሚለውም አነጋገር በዚህ ተራራ ላይ አይሠራምና አፍንጫና ከንፈር ቅባት ይቀቡ።

ይህን ሁሉ በአዲስ መግዛት ለአንድ ቀን ታላቅ ወጪ ነው። ካልሲና የአንጓ መከላከያ ብቻ ተገዝተው፥ ካፖርቱ ከዘመድ ተለምኖ፥ ሰሌዳና ጫማ የራስ ቍርም በኪራይ ተወሰዱ። የኪራዩ ሱቅ በከተማ ቢሆን ከተራራው ሥር ካለው ይልቅ ጊዜ ይገኛል። ጫማው ሲቆሙ የእግር ጣት ጫፉን ነካ ማድረግ፥ ጉልበት ሲያጥፉ ግን ጥቂት ሸሸት ማለት አለበት፤ ተረከዝ በውስጡ ቢነሣ ጫማው ሰፊ ነው። ሰሌዳው ቆሞ ከአገጭ አካባቢ ቢደርስ ለጀማሪ ይበቃዋል፤ የሰውየው ክብደትም ይጠየቃል። የመግቢያውም ቲኬት አስቀድሞ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የሄድነው ትምህርት በሌለበት በአንድ ዓርብ ቀን ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ መንገዱ በኦቶሞቢል ይጨናነቃልና። ከዴንቨር ወደ ተራራው የሚወስደው አይ 70 የሚባለው ታላቅ መንገድ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 ቀን (በአውሮፓ ወራት) በተራራው ክፍል የሚነዳ ሰው ለአመዳይ የሚስማማና ጥርሱ ቢያንስ 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል የቀረው ጎማ እንዲኖረው፥ ወይም ሰንሰለት እንዲይዝ ሕግ ያዛል። አባትየው ከሳምንት በፊት ጎማውን አስመርምሮ ሁለቱን አስለወጠ። ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ የሚገባው ይህ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ በሰሌዳ ከመውደቅ ይልቅ በመንገድ መንሸራተት የከፋ ነውና።

ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ወደ ላይ ስንወጣ በ1859 ወርቅ የተገኘባትን አይዳሆ ስፕሪንግስን አለፍን፤ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋራ የሚቀራረብ ነው። ጆርጅታውን በሚባለው ስፍራ ከመንገዱ በላይ ባለው ገደል ቀንዳቸው የተጠማዘዘ የዱር በጎች ቆመው አየን፤ አያትም፥ «እነዚህስ የስሜን ዋልያን ዘመዶች ይመስላሉ» አሉ። ላቭላንድ የሚገኘው ከዴንቨር 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በ1973 የተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ ከሚገባበት አፍ አጠገብ ነው። ኦቶሞቢሎች በዋሻው ውስጥ ሲያልፉ ተንሸራታቾች ከበላዩ ባለው ተራራ ይወርዳሉ። የተራራው ሥር 3,292 ሜትር፥ ራሱ 3,965 ሜትር ነው፤ ይህም ማለት ሥሩ እንኳ ከደብረ ብርሃን ከ400 ሜትር በላይ ይበልጣል።

በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው የሕይወት አየር በባሕር ዳር ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩም ደረቅ ስለ ሆነ ሰው ሳይጠማው ውሃው ያልቅበታል። ስለዚህ ልጆቹ ከዋዜማው ጀምረው ውሃ እንዲጠጡ፥ በጊዜ እንዲተኙ ተደረገ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የበረታበት ሰው መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው እንጂ መታገሥ አይደለም። የሚገርመው፥ ዴንቨር ለረጅም ጊዜ የኖሩት ሲያለከልኩ፥ ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ግን ደረጃውን ቀድመውን ወጡ። ዓርብ ስለ ነበረ ስንቁ የጾም ነበር፤ ቆሎና ለውዝ በየኪሱ፥ ሽሮ በፔርሙዝ። ቆሎ በጓንት ለማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን በብርድ እንደ ቸኮላታ አይደነድንም።

ልጆቹ የተመዘገቡት በአስተማሪ ነው። እኛ ይህን አጥብቀን እንመክራለን፤ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሲያስተምር ከሰዓት በኋላ መኳረፍ ይመጣል። ትምህርቱ የሚሰጠው ላቭላንድ ቫሊ በሚባለው ለጀማሪ በተለየው ስፍራ ነው። በመጀመሪያ የፊት እግር ብቻ ታሥሮ በሌላው እየገፉ በሜዳ መሄድ ሆነ። ቀጥሎ ሁለቱም እግሮች ታሥረው፥ ፊትን ወደ ቍልቍለቱ አድርጎ፥ ሰሌዳውን አግድም ይዞ በተረከዝ ጠርዝ ቀስ እያሉ መንሸራተት ሆነ። የዚህ ጨዋታ ምሥጢር ሁሉ በዚህ ጠርዝ ላይ ነው፤ ወደ ታች የሚያየው ጠርዝ አመዳዩን የነከሰ እንደ ሆነ ሰሌዳው ድንገት ቆሞ ሰውየው ይወረወራል። ልጅቱም ገና በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲሁ ሆነች። እናትየዋ ከአጥሩ አጠገብ ቆማ ሳለች ልጅዋ ወደ ፊት ስትወረወር አየችና ትንፋሽዋን ያዘች። ልጅቱ ግን ጭብጥዋን ጨብጣ በጉልበትዋና በክንድዋ ወረደች፤ ጥቂት ተኝታ ቆየች፤ ከዚያም አመዳዩን ከአፍዋ እየተፋች ተነሣች። አያት በመስታወት ቤት ሆነው የወደቀችበትን ሲቈጥሩ አሥራ ዘጠኝ ደርሰው ተዉት።

ከቀትር በኋላ በተንጠልጣይ ወንበር ወጡ። በወንበሩ ሲወጡም ሲወርዱም የኋላ እግር ከማሠሪያው ተፈትቶ ነጻ መሆን አለበት። በዚህ አገር መንገዶቹ በምልክት ተለይተዋል፤ አረንጓዴ ክብ ለቀላሉ፥ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛው፥ ጥቁር አልማዝ ለከባዱ ነው። ከፊት ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፤ ከላይ የሚመጣው መጠንቀቅ ይገባዋል። በገመድ የተከለለውን ስፍራ ግን ማለፍ ሞት ሊያመጣ ይችላል፤ ከዚያ ማዶ ናዳ አለና። አባትየው አንድ ጊዜ አብሮ ወጥቶ፥ ልጁ ከበላዩ ሆኖ «አባዬ፥ ጉልበትህን እጠፍ!» እያለ ሲያዝዘው በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወረደ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሆን መንገድ ጀመርን፤ ልጆቹም በጋቢው ተጠቅልለው እስከ ዴንቨር ድረስ አንቀላፉ። ቤት ስንደርስ እናትየዋ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የሁለቱንም አንጓ በጣትዋ ጫን ጫን እያደረገች መረመረች። ጉልበታቸው በልዟል፤ አንጓቸው ደኅና ነው። ጓንቶቹ ከማሞቂያው ፊት ተሰጡ። ሰሌዳዎቹና ጫማዎቹ የኪራዩ ሱቅ ሳይዘጋ መመለስ ነበረባቸውና፥ አባትየው እያነከሰ ወጥቶ ኦቶሞቢሉን እንደ ገና አስነሣ።